ስለ ወለል ጠርዝ፤ በደረጃ አፍና በበር ሥር

ቤቱን በአዲስ ሣንቃ ያስነጠፈ ሰው እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚያሳየው የክፍሉን መካከል ነው። እኔም እንደዚሁ አደረግሁ። ወለሉ በታደሰ በሳምንቱ ወዳጆቼን ጠርቼ፥ ምንጣፉን አስነሥቼ፥ ሣንቃው እንደ ምን እንደ ገጠመና ሰሙ እንደ ምን እንዳበራ እያሳየሁ ብዙ ምስጋና ተቀበልሁ። ከመጡትም ሰዎች አንዱ ስንኳ ወደ በሩ ሥር ወይም ወደ ደረጃው አፍ ጐንበስ ብሎ የተመለከተ አልነበረም፤ እኔም አልተመለከትሁም። ጠርዙን ከሁላችን አስቀድመው ያገኙት እናቴ ናቸው፤ ያገኙትም በእግራቸው ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ ከእናንተም ውስጥ የአባቱን ቤት የወረሰና ለማሳደስ የሚያስብ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ፥ የደረሰብኝን ነገርና ከዚያም በኋላ ከአንድ ሽማግሌ አናጢ የተማርሁትን እንደ ሆነው አድርጌ እጽፋለሁ።

ቤቱ አባቴ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሠሩት ባለ ፎቅ ቤት ነው። በታች አዳራሹና የምግብ ክፍሉ አሉ፤ በላይ መኝታ ቤቶችና እናቴ የሚጸልዩባት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። አባቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሕንዶችና አርመኖች ባለሙያዎች በዋና ከተማችን የሠሩዋቸውን፥ ሰገነታቸውና ደረጃቸው ከእንጨት የሆነውን ቤቶች እጅግ ይወዱ ነበርና የራሳቸውንም ቤት ወለልና ደረጃ ከጥድ ሣንቃ አሠሩት። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሣንቃው ተሰነጣጠቀ፤ በመካከሉም አቧራ መግባት ጀመረ። ልጄን ልድር የተዘጋጀሁት በ2011 ዓ.ም. ለጥር ወር ነበርና፥ በታኅሣሥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አስጠርቼ በአሮጌው ሣንቃ ላይ አዲስ የባሕር ዛፍ ሣንቃ እንዲያነጥፍልኝ፥ ይህንንም በአሥር ቀን እንዲጨርስ ተዋዋልሁ። የሥራ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የጥፋቱ እኩሌታ የችኰላዬ ነውና። ሣንቃው ከመጋዘን በመጣበት ቀን ማንጠፍ ተጀመረ፤ በዘጠነኛውም ቀን አለቀ። እኔም ፈጣኖች ናቸው ብዬ ከውሉ በላይ ሰጠኋቸው።

ሠርጉ በደኅና አለፈ። ሚያዝያና ግንቦትም አለፉ። ሐምሌ በገባ ጊዜ ግን የአዳራሹ ወለል በበሩ መካከል እንደ ዳቦ ጀርባ ተነሣ፤ መዝጊያውም ከዚያ ላይ ተነክሶ አልዘጋ አለ።

የዚህን ምክንያት ያወቅሁት በኋላ ነው። እንጨት ከዛፉ ከተለየ በኋላ ስንኳ ከአየሩ ጋራ ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። አየሩ እርጥብ በሆነ ጊዜ ይጠጣና ያብጣል፤ በደረቀ ጊዜ ይተፋውና ይኰማተራል። ይህም ነገር በሁሉ አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በስፋቱ ግን ብዙ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ጠባዩ ከብዙ ዛፎች የከፋ ነው። አንዱ ሣንቃ በክረምት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ፥ ለዓይን የማይታይ ነገር ነው። ነገር ግን 5 ሜትር ስፋት ባለው አዳራሽ 9 ሣንቲ ሜትር የሆነ ሣንቃ 55 ያህል ይሰለፋልና፥ የሁሉም ጭማሪ ሲደመር ወደ 3 ሣንቲ ሜትር ይጠጋል። ለዚህ 3 ሣንቲ ሜትር በግድግዳው ሥር ቦታ ካልተተወለት ወደ ላይ ከመነሣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የኔ ሠራተኞች በደረቁ በታኅሣሥ ወር ሣንቃውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እያጠበቁ በመዶሻ መትተው አስገብተውት ነበር። እኔም ቆሜ እያየሁ «ማለፊያ ነው፥ ምላጭ ስንኳ አያስገባ» እል ነበር።

በመቃኖቹም ሥር የሆነው እንዲሁ ነው። የአባቴ የበር መቃን ሦስት እርከን ያለው ጌጥ ተቀርጾበታል። ሠራተኞቹ ሣንቃውን ያንን ጌጥ እያስመሰሉ በመጋዝ ቢሸራርፉትም አልገጠመላቸውምና፥ የቀረውን ሽንቁር የመጋዝ ዱቄትና ኮላ ለውሰው ደፈኑት። ለጊዜው አልታየም። በክረምት ሣንቃው ሲያብጥ ድፍኑ ተጨምቆ ወጣ፤ ጥቅምት ላይ ሲኰማተር ደግሞ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ትቶ ሄደ።

ይህ ሁሉ የዓይን ነውር ነው፤ ሰው በዓይን ነውር አይሰበርም። የደረጃው ነገር ግን ሌላ ነው።

ሠራተኞቹ በላይኛው ክፍል ሥራውን የጀመሩት ከሩቁ ግድግዳ ሆኖ ወደ ደረጃው አፍ እየቀረቡ ነበር። በመጨረሻ ከደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ የቀረው ቦታ ለአንድ ሙሉ ሣንቃ አልበቃም፤ ሣንቃውን ሰንጥቀው ሦስት ሣንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ቁራጭ አስገቡበት። እንግዲህ አስቡት፤ ከቤቱ ወለል ሁሉ እግር የሚበዛበት ስፍራ ላይ የተቀመጠችው ከሁሉ የደከመችው ቁራጭ ናት። በጠርዝዋም ላይ ጥሬው እንጨት እንዳይታይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቅጥ በትንንሽ ምስማር መቱበት። ቅጡ ያበራ ነበር፤ እኔም ወድጄው ነበር።

በዚያው ዓመት በፍልሰታ ጾም፥ ነሐሴ 9 ቀን፥ እናቴ ኪዳን ለማድረስ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወረዱ። ከስድሳ ዓመት ጀምሮ መብራት ሳያበሩ የሚወርዱት ደረጃ ነው። ምስማሩ ለቅቆ ቅጡ ጫፉን አንሥቶ ኖሮ የቀሚሳቸውን ዘርፍ ያዘው። እርሱን ሊያስለቅቁ እግራቸውን ሲያወርዱ መርገጫው ከጠበቁት ስፍራ አልተገኘም። አራት እርከን ተንከባልለው ከመደገፊያው ምሰሶ ላይ ቆሙ። እኔ ድምፁን ሰምቼ ስወጣ «አትደንግጥ ልጄ፥ ተቀምጫለሁ» አሉኝ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ።

እጃቸው ዳነ፤ ወደ ላይ ግን አልወጡም። አልጋቸው በአዳራሹ ጥግ ተዘረጋላቸው፤ የጸሎት መጽሐፋቸውም በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ከላይ ያለችው ክፍላቸው ተዘግታ ዋለች። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ለመነቻቸው፤ እኔም ክንዳቸውን ይዤ እንደማወጣቸው ተናገርሁ። እርሳቸው ግን «ያን ደረጃ እግሬ ያውቀው ነበር፤ አሁን የሰው ደረጃ ሆነብኝ» አሉ። ይህን ቃል የእርጅና ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ሽማግሌ አናጢ አስመጣሁ። ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ፥ በወጣትነታቸው ከጣሊያን አናጢ ዘንድ የተማሩ ሰው ናቸው። ወለሉን የተነሣበትን ሳሳያቸው ጥቂት አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄዱ፤ ከኪሳቸው ሜትርና ጠመኔ አውጥተው ከታች ጀምረው የእያንዳንዱን እርከን ከፍታ እየለኩ ቁጥሩን በእንጨቱ ላይ ጻፉ። በመጀመሪያው ላይ 14.8 ብለው ጻፉ። ከዚያ 17፥ ከዚያም 17፥ እንደዚሁ እያሉ አሥራ ሁለት ጊዜ 17 ጻፉ። በመጨረሻው በላይኛው ላይ 19.2 ጻፉና ጠመኔውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ጌታዬ፥ እሜቴ የወደቁት እዚህ ነው?» አሉኝ። አዎን አልሁ። «ቅጡ ይዞአቸው ይሆናል፤ የጣላቸው ግን ይህ ቁጥር ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ደረጃ 14 እርከን ሲሆን ሁሉም እኩል 17 ሣንቲ ሜትር ነበሩ። አዲሱ ሣንቃ 2 ሣንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በታችኛው አዳራሽ በተነጠፈ ጊዜ ወለሉን ከፍ አደረገውና የመጀመሪያው እርከን አጠረ፤ በላይኛው በተነጠፈ ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ረዘመ። በመካከል ያሉት መርገጫዎች ግን ያልተነኩ ስለ ሆኑ በነበሩበት ቀሩ። በአጭሩና በረጅሙ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሣንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር ብዙ ከተሞች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ሥራ ደንብ በአንድ ደረጃ ውስጥ ትልቁ ከፍታ ከትንሹ ከ9.5 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲበልጥ አይፈቅድም። የኔ ቤት ከዚያ ልክ ከአራት እጥፍ በላይ አለፈ። የሰው እግር አንድ ሁለት እርከን ከረገጠ በኋላ ከፍታውን ያጠናል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን አይመለከትም። እናቴ ደግሞ ያን ከፍታ ስድሳ ዓመት ያጠኑት ናቸው። «እግሬ ያውቀው ነበር» ያሉት ቃል የተለካ እውነት ነበር፤ ያልለካሁት እኔ ነኝ።

የፈረንሳዩ የሕንጻ ሊቅ ፍራንሷ ብሎንዴል በ1675 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው መጽሐፉ ለደረጃ የሚሆን አንድ ሒሳብ አስቀምጧል፤ የእርከኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ፥ የመርገጫውን ስፋት አንድ ጊዜ ወስዶ ሲደምሩት የአንድ ሰው እርምጃ፥ ማለት 65 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሁን የሚል ነው። የአባቴ መርገጫ 30 ሣንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ጊዜ 17 ሲጨመርበት 64 ይሆናል። አባቴ ብሎንዴልን አላነበቡም፤ አናጢያቸውም የሚያነብ ሰው አልነበረም። እንደ ምን አድርገው እንደ ደረሱበት ሽማግሌውን ብጠይቃቸው «ወጥተው ወርደው ነዋ» አሉኝ።

ሥራው የተጀመረው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌው ወሩን የመረጡት ሣንቃው የክረምቱን ውሃ ጥሎ የበጋው ድርቀት ገና ሳይዘው፥ መካከለኛ በሆነበት ጊዜ ለመግጠም ብለው ነው። ሣንቃውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነሡ፤ በየክፍሉም ውስጥ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን ዘንግ እየለዩ ከመሩት፤ ለሦስት ሳምንትም እጃቸውን አላሳረፉበትም። እኔ ሰው ከፍዬ ሥራ ቆሞ ማየት አልለመድሁምና በየቀኑ እጠይቅ ነበር። «እንጨቱ ቤቱን ይልመድ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር የፊተኞቹ ያደረጉት ተቃራኒ ነው። በላይኛው ክፍል የጀመሩት ከግድግዳው አይደለም፤ ከደረጃው አፍ ነው። መጀመሪያ ከጠንካራ ወይራ አንድ ወፍራም እንጨት አዘጋጅተው ለደረጃው ከንፈር አደረጉለት። ይህ ከንፈር ከላይ ከሣንቃው ጋራ እኩል የሚተኛ፥ ከፊት ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወጣ ብሎ የአሮጌውን ወለል ጠርዝ ወደ ታች የሚሸፍን ነው። ከታች ካለው ተሸካሚ እንጨት ጋራ በኮላና በብሎን አሰሩት፤ የብሎኑንም ራስ አስጠልቀው በዚያው በወይራ ቡሽ ደፈኑት። ጠርዙን በመላጊያ ሲያለዝቡት ብዙ እንዳያከቡት ተጠነቀቁ፤ እጅግ የከበበ ጠርዝ እግር ያንሸራትታል፤ ያልተለዘበ ደግሞ ቶሎ ይሸረፋል። ከዚህ ከንፈር ቀጥሎ አንድ ሙሉ ሣንቃ ምላሱን ከጐድጓዳው አግብተው አያያዙ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው አነጠፉ። የተረፈው ጠባብ ቁራጭ በመጨረሻ ከግድግዳው ሥር ወደቀ፤ በዚያም ላይ የልብስ ሣጥን ተቀምጦበታልና ማንም አይረግጠውም።

በደረጃው አፍ ወለሉ መላወስ የለበትም፤ እግር የሚተማመንበት ስፍራ ነውና ታስሮ ይቀመጣል። ነገር ግን እንጨቱ ማበጡን አይተውም። ስለዚህ በዚህ በኩል የታሰረው በማዶ በኩል ሊፈታ ይገባዋል። በግድግዳው ሥር አንድ ሣንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ትተው፥ ያንን ክፍተት ዞኮሎ በሚባለው የግድግዳ ሥር እንጨት ሸፈኑት። ዞኮሎውንም የመቱት በግድግዳው ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ምስማር ስንኳ ወደ ሣንቃው እንዲገባ አልፈቀዱም። በአዳራሹ ደግሞ ደረጃ የሚይዘው ወገን ስለሌለ በሁለቱም ግድግዳ ሥር ያንኑ ያህል ተዉ።

ቀጥሎ አሥራ ሦስቱ መርገጫዎች መጡ። ከታችም ከላይም ወለሉ በ2.2 ሣንቲ ሜትር ከፍ ካለ፥ እያንዳንዱን መርገጫ በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የአሮጌው መርገጫ ጠርዝ ወደ ፊት የወጣ ስለ ሆነ በላዩ አዲስ ከንፈር ቢጨመር እግር የሚያደናቅፍ ምላስ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው ጠርዝ በመጋዝ ተቆርጦ ከፊቱ ጋራ እኩል ሆነ፤ ከዚያ አዲሱ ሣንቃ ከነከንፈሩ ተቀመጠ። የደረጃው ሁለት ጐን ቀጥ ያለ አልነበረምና ለእያንዳንዱ መርገጫ ካርቶን እየቆረጡ ልኩን ወሰዱ፤ ከአሥራ ሦስቱ ሁለቱ ስንኳ አንድ ዓይነት አልሆኑም። ሲያልቅ በጠመኔ የተጻፈውን አጥፍተው እንደ ገና ለኩ፤ ከታች እስከ ላይ 17 ሆነ። መደገፊያው ብቻ ከመርገጫው አንጻር በአንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ይህን ለእናቴ ስነግራቸው «ግድ የለም፥ እኔም ከዚያ ወዲህ አጥሬአለሁ» አሉ።

አሁን ወደ በሮቹ ልመለስ። እኔ በሕይወቴ ከደነገጥሁባቸው ቀኖች አንዱ ሽማግሌው የአባቴን መቃን ለመቁረጥ መጋዝ ይዘው የተንበረከኩበት ቀን ነው። «አባባ፥ ይህ የአባቴ ሥራ ነው» ብዬ እጃቸውን ያዝሁ። እርሳቸውም ሳይቈጡ አስረዱኝ። ሣንቃን እንደ መቃን ጌጥ መቅረጽ የማይቻል ነገር ነው፤ ቢቻልም ሣንቃው ሲላወስ ይከፈታል። ጥበቡ ሣንቃውን ከመቃኑ ሥር ማስገባት ነው። አንድ ቁራጭ ሣንቃ በአሮጌው ወለል ላይ አስተኝተው፥ መጋዙን በዚያ ላይ አጋድመው የመቃኑን እግር በሣንቃው ውፍረት ልክ ቆረጡት። ከዚያም አዲሱን ሣንቃ እንደ ደብዳቤ በመቃኑ ሥር አሾለኩት። ክፍተቱ በውስጥ አለ፤ ግን ከመቃኑ ሥር ተሰውሯል። እንጨቱም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንደ ወደደ ይመላለሳል። ዛሬ የአባቴ መቃን ከወለሉ ላይ የበቀለ ይመስላል። የምግብ ክፍሉ መቃን ድንጋይ ስለ ሆነ ይህ አልሆነለትም፤ በዚያ ካርቶን ቆርጠው፥ በእርሳስ አስምረው፥ በመሮ ጠርበው አስጠጉት እንጂ።

ሁለት ወለል በሚገናኝበት በር መጋጠሚያው ሊውል የሚገባው በተዘጋ መዝጊያ ሥር ነው፤ እንዲህ ከሆነ በሩ በተዘጋ ጊዜ ከአንዱም ክፍል የሌላው ወለል አይታይም። የፊተኞቹ ይህን ሳይጠብቁ መጋጠሚያውን ወደ አዳራሹ አራት ጣት ያህል አስገብተውት ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ በሚወስደው በር የሸክላው ንጣፍ ከሣንቃው ዝቅ ያለ ነውና ከወይራ ግራና ቀኙ በዝግታ የሚያዘቀዝቅ ዝቅተኛ ደፍ ሠሩለት። ይህንንም ያሰሩት ከታች ካለው መሠረት ጋራ ነው፤ ሣንቃው ከደፉ ሥር ገብቶ በነጻ ይላወሳል። ትሪ ተሸክማ የምታልፈው ልጅ እግርዋ እንደማይነካው አይቻለሁ።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ቀኑን ቈጠርሁ። የክፍሎቹን መካከል ማንጠፍ ስድስት ቀን ወሰደ፤ ጠርዙ፥ ደረጃውና በሩ ሃያ ሦስት ቀን ወሰደ። በፊተኛው ውል ላይ ስለ ጠርዝ የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረም። ወለል ለማሳደስ የምታስቡ ወዳጆቼ በውላችሁ ላይ ስለ ደረጃው አፍና ስለ በሩ ሥር ለብቻው ዋጋና ቀን እንድታስጽፉ እለምናለሁ፤ በጥቅል ዋጋ የተዋዋለ ሠራተኛ የሚቸኩለው እዚያ ነውና። ደግሞም መርገጫዎቹን ሰም እንዲቀቡላችሁ አትፍቀዱ። በአዳራሽ መካከል የሚያምረው ሰም በደረጃ ላይ እንደ ሳሙና ነው፤ የኔ ደረጃ የተቀባው ብርሃኑ የደከመ ቨርኒሽ ብቻ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ማታ፥ ማንም ሳይለምናቸው፥ እናቴ ከአዳራሹ ጥግ ተነሥተው ጫማቸውን አወለቁ። ባለቤቴ ልትደግፋቸው ብትነሣ በዓይኔ ከለከልኋት። መደገፊያውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፥ በከንፈራቸው እየቈጠሩ፥ ሳያቆሙ ወጡ። ከላይ ሲደርሱ ዞረው ቆሙና በባዶ እግራቸው የወይራውን ከንፈር ወዲያና ወዲህ አሻሹት፤ ብዙ ጊዜ አሻሹት። እኔ ከታች ሆኜ የሚሉትን እጠብቅ ነበር።

«እንግዲህ አልጋዬን ማን ያወጣዋል?» አሉ።